ማን አስተማረሽ?

ግንቦት 3፣ ሰኞ
ዝናብ። ትራሙ ዘገየ፤ ከሮም ሰፈሮች አንዱ ፒኜቶ ስደርስ የጊታር ትምህርቱ ተጀምሯል። ከኋላ ተቀመጥኩ።
መምህራችን ፒዬትሮ ዛሬ ቢኮርዶ ጀመረልን። ሁለት ክር አንድ ላይ መምታት ነው። ያለዚህ ብሉዝ የለም ይላል። ለሁሉም ወጣላቸው። እኔ ግን... ቀኝ እጄ ስድስቱንም ክር ይመታል። የግራዬ ጣቶች ደግሞ ልክ ስመታ ይነሳሉ። ለምን?
«አሎራ፣ እሺ መዓዛ፣ ይሄ ክር ያቃጥላል እንዴ?» አለኝ ፒዬትሮ።
አብራኝ የምትማረው ኤሌኖራ ከሁሉም በላይ ሳቀች። ጆሮዬ ጋለ።

ግንቦት 6፣ ሐሙስ
ያው።

ግንቦት 10፣ ሰኞ
የዓመቱ መዝጊያ ኮንሰርት ቅዳሜ 22 ነው። የመጨረሻውን ብሉዝ መግቢያ ብቻዬን የምጫወተው እኔ ነኝ። አልጠየቅኩም፤ ፒዬትሮ ራሱ ነው የመረጠኝ። በሕይወቴ ሰው ከመረጠኝ...
ዛሬ ግን፣ «በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ካልተስተካከለ ለሊዮናርዶ እሰጠዋለሁ። ቫ ቤኔ?»
«ቫ ቤኔ» አልኩ። ምኑ ነው ቫ ቤኔ፣ ምኑ ነው ደህና!
ደግሞ ኮንሰርቱ ላይ ሁሉም ከመጫወቱ በፊት ስሙንና ያስተማረውን ሰው በማይክ ይናገራል። የፒዬትሮ ልማድ ነው። መጫወቱ ሳያንስ...
ከዚያ ጣቴን እያየ ጠየቀኝ። «እንዲህ ማንሳት ማን አስተማረሽ?»
አባዬ ነው። አዲስ አበባ፣ የስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ በክራር። ግን ኤሌኖራ እያየችኝ ነው። በዚህ ጣልያንኛዬ ክራርን ላስረዳ?
«ኔሱኖ» አልኩ። ማንም።
ዞር ስል አባዬ በሩ ላይ ቆሟል። ጃንጥላ ይዞልኝ መጥቶ።

ግንቦት 11፣ ማክሰኞ
አባዬ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ሬስቶራንት ውስጥ ሳህን ያጥባል። ጣልያንኛው ትንሽ ነው። ኔሱኖን ግን ያውቃታል፤ ሥራ ሲፈልግ ስንቴ ሰምቷታል።
ምሳ ላይ እንጀራውን አልነካም። እማዬ «አበራ፣ ምን ሆንክ?» አለችው።
«ኔሱኖ ምን ይሆናል?» ብሎ ተነሳ። ጊታሬን በእግሩ ገፋ አድርጎ አለፈ።

ግንቦት 13፣ ሐሙስ
ሆዴን አመመኝ ብዬ ቀረሁ። እውነትም አመመኝ።

ግንቦት 16፣ እሑድ
ከቤተ ክርስቲያን መልስ። አባዬ ዛሬ ሥራ የለውም። ይቅርታ ልለው ሄጄ «እጄን እየው» አልኩት።
ቆሞ አየ። መታሁ። ጣቴ ተነሳ።
ሳቀ! «ክራር እየመታሽ ነዋ!»
ክራር ላይ ጣት ያረፈበት ክር ይታፈናል፤ የተለቀቀው ይጮኻል። ጊታር ላይ የተገላቢጦሽ ነው። ይሄንማ እኔም አውቃለሁ። እጄ ነው የማያውቀው።
«ቀኝሽን ተይው፣ ሁሉንም ይምታ» አለ። «ሁለቱን ጠበቅ አድርገሽ ያዣቸው። የተረፉትን በተረፈው ጣትሽ አፍኚያቸው። ማፈኑንስ ታውቂበታለሽ።»
የመጨረሻዋን ሲናገር አላየኝም። ጊታሩንም አልነካም። ይቅርታዬ አፌ ውስጥ ቀረች።

ግንቦት 20፣ ሐሙስ
መጀመሪያ ተበላሸ። ሊዮናርዶ ጊታሩን ታቅፎ ይጠብቃል።
«እንደገና» አለ አንድ ሰው። እኔ ነኝ ለካ።
ሁለተኛው... ወጣ! የታፈኑት ጠክ ይላሉ፣ ከላያቸው ሁለቱ ክሮች አንድ ላይ። ፒዬትሮ በእግሩ ወለሉን መታ መታ ማድረግ ጀመረ። መግቢያው የእኔ ነው።
«ይሄንንስ ማን አሳየሽ?»
«ዩቲዩብ ነዋ!» አለች ኤሌኖራ።
ጊታሬን ማኅደሩ ውስጥ ከተትኩ። የአባዬን ስም አሁንም አላነሳሁም! ምን ዓይነት ልጅ ነኝ?

ግንቦት 22፣ ቅዳሜ
አባዬ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ነበር፣ የሥራ ጫማውን እንዳደረገ። እማዬ ናት ጎትታ ያመጣችው።
ማይኩ ከፍ ብሎብኝ ራሴ አወረድኩት። ከእኔ በፊት የነበሩት ሁሉ «ፒዬትሮ» ብለው ነው የተቀመጡት።
«መዓዛ እባላለሁ። ያስተማሩኝ አባቴ አበራ እና ፒዬትሮ ናቸው። አባቴ በክራር ነው ያስተማረኝ።»
ማንም አልሳቀም። ከዚያ ተጫወትኩ። መሃል ላይ አንድ ክር አመለጠኝ... አላቆምኩም።
ስንወጣ ኤሌኖራ «ክራር ምንድን ነው?» አለችኝ። «ሰኞ እነግርሻለሁ» አልኳት። በምን ጣልያንኛ እንደሆነ እንጃ።
ትራም ውስጥ አባዬ ጊታሩን ከትከሻዬ አውርዶ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። እስከ ተርሚኒ ድረስ፣ ከነማኅደሩ፣ ጣቶቹ ላዩ ላይ ያርፋሉ... ይነሳሉ... ያርፋሉ።