የታላቁ መንገድ ጭጋግ

እህት ዓለሜ፣ ናፍቆትሽ አብሮኝ ውሎ አብሮኝ ያድራል እንጂ ደህና ነኝ።

የታላቁን መንገድ የሱቅ ጽሑፎች ዛሬም የምቀባው እኔ ነኝ። በፖስትካርድ ለሰው የምታሳዪው መንገዳችን ዘንድሮ ጭጋግ ለብሶ ሕልም መስሏል፤ ቀትር ላይ እንኳ አይገፈፍም። ፀጉር አስተካካዩ «የምን ጭጋግ አመጣህብን?» እያለ ይስቅብኛል። ቀልደኛ!

ግድግዳውን በጣቶቼ ስዳብስ የድሮውን ቀለም አነበዋለሁ። ከፋርማሲው ስም ሥር ልብስ ሰፊው፣ ከእሱ ሥር ፎቶ ቤቱ አለ። ከሁሉም ሥር አባባ በወጣትነቱ የጻፈው ያ ሆዳም «ወ» ይመጣል፤ ሳገኘው እጄን ቶሎ አላነሳም።

ደንበኞቼ «ፊደሎችህ ምነው ገዘፉ?» ይላሉ። ፋሽን ነው አልኳቸው።

ያለፈውን ደብዳቤሽን ጎረቤታችን አነበበችልኝ፤ ድምጿ ስለሚጥም ነው። አንቺ ግን ስትጽፊ አወፍሪው፤ የዘንድሮ ቀለም ቀጭን ነው።

ዓይን ለዓይን ለመተያየት ያብቃን፤ ደግሞ ቶሎ ይሁን።

ወንድምሽ