ከዘሐራ ሰርግ የተረፉ ብጣሾች

ማክሰኞ፣ ጥቅ. 4። መርሳ

ዛሬም ዩኒፎርም ማጥበብ፣ ዚፕ መቀየር። ከሰዓት ደንበኛ ጠፋ። ክር ስፈልግ ከአልጋ ሥር ያለውን ማዳበሪያ ጎተትኩት። ማስታወሻዬ፣ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ለጓደኛዬ ለዘሐራ ሰርግ የአልጋ ልብስ የሚሆን ድሪቶ ስንሰፋ የተረፉት ባለ ሦስት ማዕዘን ብጣሾች! አራት ማዕዘኑን ጨርቅ ከጥግ እስከ ጥግ ለሁለት እየቆረጥን፣ ደማቁን ከፈዛዛው ስንገጥም ነበር የከረምነው። ሁለታችንም ልጃገረዶች፤ ከልብስ ሰፊው አባባ በረንዳው ላይ ስፌት የምንለምድ። እሷ ትቆርጣለች፣ እኔ እሰፋለሁ። ስትስቅ መቀሱ ይስታል። ግማሹ ጠማማ የሆነው ለዚያ ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅ. 6

ብጣሾቹን መግጠም ጀመርኩ፤ ሌላ ድሪቶ ይወጣቸዋል። ሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ይለጠጣል፤ ሁለቴ ፈታሁት። አረንጓዴው ባለ አበባ የእማማ ቀሚስ። ቡናማው ቴትሮን ጨርቅ ለሰይድ ሱሪ ሲሰፋ የተረፈ። ያኔ የዘሐራ እጮኛ ነበር፤ ብጣሹን ከአባባ ደብቃ አስቀረችው። ትዝ ሲለኝ ብቻዬን ሳቅሁ።

ወሰንኩ። ሲያልቅ ለዘሐራ እሰጣታለሁ። የምትኖርበት ውርጌሳ ቅርብ ነው።

እሑድ፣ ጥቅ. 9

ልጄ ሜሮን ከወልድያ መጣች። አየችው፣ ወደደችው። ለማን እንደሆነ ስነግራት ግን እጇን ከጨርቁ አነሳች። ጋሼ ሰይድ የሞቱት የሰርጉን ድሪቶ ለብሰው አይደል ወይ አለችኝ።

እውነቷን ነው። በጦርነቱ ስንሸሽ መንገድ ላይ ታመመ። ዛፍ ሥር አረፈ፤ ዘሐራ ድሪቶውን አልብሳው። ድሪቶው እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ መርፌ አልያዘችም።

እኔ ሰርጉን ብቻ ነበር ሳስብ የሰነበትኩት። የስፌት መኪናውን ሸፈንኩት።

ረቡዕ፣ ጥቅ. 12

ሁለት ቀን አልነካሁትም። ዛሬ የሰይድን ቡናማ ጨርቅ ፈትቼ አወጣሁት። ባዶውን ቦታ ሳይ አላስቻለኝም። መልሼ ሰፋሁት። ገበሩም አለቀ። ቅዳሜ እሄዳለሁ። ካስከፋት ይዤው እመለሳለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅ. 15። ውርጌሳ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

በሚኒባስ መጣሁ፤ ድሪቶው ጭኔ ላይ። ዘሐራ በር ላይ ጠበቀችኝ። ከስታለች። ሰላምታው ረዘመ፤ ለሁሉም አልሐምዱሊላህ። ፌስታሉን ፈታሁላት።  እጇ በስፌቱ ላይ ሄደ፣ ሄደ፣ ቡናማው ላይ ሲደርስ ቆመ። 

«የሰይድ ሱሪ» አለች ቀስ ብላ። «ጠበበኝ፣ ሰፋኝ እያለ አባትሽን ስንቴ አመላለሳቸው።» ሳቀች። ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረ። አብሬያት አለቀስኩ።

ላምጣው አላምጣው እያልኩ እንደሰነበትኩ ነገርኳት።

«ወላሂ አስኩ፣ ስሙን የሚጠራልኝ ሰው አጥቼ ነው የከረምኩት። ሁሉም አስለቅሳታለሁ ብሎ ይፈራል።»

አሁን ጓዳ እየሰገደች ነው። እኔ አልጋው ጠርዝ ላይ ሆኜ ይቺን እጽፋለሁ። የሚኒባስ ረዳት ከአስፋልቱ መርሳ፣ ወልድያ እያለ ይጣራል። አልሄድም። ዛሬ እዚሁ አድራለሁ። ሰይድ ያኔ እሷን ለማየት ብሎ ደህናውን ሸሚዝ ራሱ ቀዶ፣ ይሰፋልኝ ብሎ የመጣ ዕለት በረንዳው ላይ እኔ ብቻ ነበርኩ። እንዳልነግራት ለምኖኝ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ሶላቷን ስትጨርስ ከዚያ እጀምራለሁ።