ከኤሲው ሥር የነበረው አልጋ

ውድ እህቴ ልብስ ሰፊዋ፣

መልኬን ረስተሽው ይሆናል። ቤቱን ስትለቂ ቁልፉን ያስረከብሽኝ፣ ልጄን አቅፌ ደረጃው ላይ የጠበቅኩሽ ሴት ነኝ። ስልክሽ አይሠራም። ጨርቅ የምትገዢበት ነጋዴ ይህን ወረቀት አደርስላታለሁ ብሎኛል፤ ቤትሽን ግን አላሳይሽም አለኝ።

ያን ቀን ልጅሽ ጀርባሽ ላይ ሆና ስታስል ሰምቻለሁ። ጉንፋን ነው ብዬ አለፍኩት። መኝታ ቤቱን ስታሳዪን ኤሲው ጋ ስትደርሺ ዝም አልሽ። አከራያችን ግን ቀደም ብላ አበራችውና "እስቲ ቅዝቃዜውን እዩት! ገነት በሉት" አለች። እኔና ባሌ ሙቀቱ አናታችንን ሲበሳን የከረምን ሰዎች ነን፤ ተያየንና ቤቱን ያዝነው።

ልክ ከኤሲው ሥር፣ ወለሉ ላይ፣ የልጅሽ አልጋ እግሮች ያስቀሩት ምልክት ነበር። የኛም ልጅ አልጋ ልክክ አለበት። "ቦታው ራሱ መረጠልን" ብዬ ቀለድኩ።

ልጄ ማሳል ስትጀምር አቧራ ነው ብለን መስኮቱን ዘጋን፣ ኤሲውን ጨመርነው። ባሰባት። ደረቷ ሲር ሲር ይላል። እናቴ ጋ ስናድር ይተዋታል፤ ቤት ስንመለስ ይነሳባታል። ሐኪሟ "ቤታችሁ ሻጋታ አለ እንዴ?" ስትለኝ ተቀየምኳት፤ ቤቴን እንዴት እንደምወለውል ብታይ እንዲህ አትለኝም ነበር። ግን ነገሩ ከነከነኝና ወንበር ላይ ወጥቼ የኤሲውን ክዳን ከፈትኩ።

ውስጡ ጥላሸት የመሰለ ሻጋታ ነው። ነካ ሳደርገው ረግፎ የልጄ ትራስ ላይ ወረደ። ከጀርባው ያለው ግድግዳ ርሶ ጣቴን ስጫነው ሰመጠ። ነፋሱ በሚወጣበት በኩል ደግሞ ስስ ጨርቅ አገኘሁ፤ ዙሪያውን በደቃቅ ስፌት ተዘምዝሟል፣ መሃሉ ጠቁሯል። የማን እጅ እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም። አየሩን ልታጠልይላት ሞክረሽ ነበር። አውቀሽ ነበር ማለት ነው።

በጣም ተናድጄብሽ ነበር፤ እውነቱን ልንገርሽ። ግን አከራያችንን ጠርቼ ሳሳያት ያንቺም ዝምታ ትንሽ ገባኝ። ጥቁሩን በሶፍት ጠረገችው፣ ሽቶ ነፋችበት፣ "አሁን ምን ይሸታል?" አለችኝ። ክፉ ሴት እኮ አይደለችም። ልጄን "የኔ ወለላ" እያለች ነው የምትስማት።

ዛሬ ልንለቅ ጓዛችንን ስንሸክፍ አዲስ ተከራዮች መጡ። ሴትየዋ መውለጃዋ የደረሰ እርጉዝ ናት። አከራያችን ኤሲውን አበራችላት፤ እሷም ዓይኗን ጨፍና ሆዷን ይዛ ነፋሱ ሥር ቆመች። ስትወጣ ደረጃው ላይ ተከትያት ሁሉንም ነገርኳት።

ፈገግ አለች። "ቤቱን ለዘመድሽ ፈልገሽው ነው አይደል? አልፈርድብሽም፣ ቤት እንደሁ ጠፍቷል።"

"እህቴ፣ ልጄ ታማብኝ ነው የምልሽ።"

"ሳያስለው ያደገ ልጅ አለ እንዴ?" አለችና ጆሮ ዳባ ልበስ ብላኝ ወረደች። ቅዳሜ ይገባሉ።

ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ እህቴ። የአንድ ሴት ቃል ምቀኝነት መስሏታል፤ ሁለት እናቶች አንድ ነገር ስንላት ግን ቆም ብላ ታስብ ይሆናል። ቅዳሜ ጠዋት የግቢው በር ላይ እጠብቅሻለሁ። ለምን አልነገርሽኝም ብዬ አልጠይቅሽም፣ እንዳትቀሪ ብቻ በልጄ ይዤሻለሁ። የኔዋ በአፏ በሚነፋላት መድኃኒት እየተነፈሰችም ቢሆን አለችልኝ። ነጋዴውን "ልጇስ ደህና ናት?" ብዬ ስጠይቀው ፊቱን አዙሮ ጨርቅ መለካት ጀመረ።

ልጅሽ ከዳነች ይዘሻት ነይ። ካልዳነችም፣ እባክሽ፣ ብቻሽን ነይ።

ካንቺ በኋላ በዚያ ቤት የኖረችው እናት