ቢላዋዬ ያልቆመ ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ለኤልዊን፣

እንደምን ከርመሃል? ብርድ ሲመጣ የሚጠዘጥዝህ ትከሻህስ ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ ካሪንና ልጃችሁ ጁኒ ደህና ናቸው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። የእህታችን የኦርፋ ስም መቼም እናንተ ዘንድ አላስካ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ኦርፋ ትልቁን የግጥም ሽልማት ከወሰደች ወዲህ ደሴታችን በጋዜጠኛ ተጥለቅልቃለች። እሷ ግን ያው ናት። ዛሬም ሸርጣን መፈልፈያው ቤት ከጎኔ ትቀመጣለች፤ ዛሬም የምትጽፈው የሸርጣን ሥጋ ጣሳ ላይ በሚለጠፍ ወረቀት ጀርባ ነው። አዲስ ግጥም ስትጨርስ ታነብልኛለች፣ እኔ በቢላዋዬ እየፈለፈልኩ እሰማለሁ። ሕጋችንን ታውቀዋለህ፤ ቢላዋዬ የቆመበት ስንኝ ውሸት አለበትና ይሰረዛል። ለጋዜጠኞቹ "አርታኢዬ እትዬ ዴልማ ናት፤ ቁጣዋን ግን አትችሉትም" ብላ አሳቀችብኝ።

ማክሰኞ ያነበበችልኝ ስለ አባባ ነው። ስለ አንተም ነው። ጀልባዋን አጥቦ የውሃ ማፍሰሻዋን ቀዳዳ መድፈን ስለረሳ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ በማግስቱ በዚያች ጀልባ ወጥቶ ስላልተመለሰ አባት። በግጥሙ ይቅር ትልሃለች። አብረውን የሚፈለፍሉት ሴቶች ሁሉ አለቀሱ። እኔ ቢላዋዬ እንዳይቆም ታገልኩ፤ አውራ ጣቴን ቆርጬ እንኳ አላቆምኩም። "እሰይ፣ ይሄ አለፈ" አለች። ዓርብ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል፤ እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለደሴቱ ሰው ታነበዋለች።

ጀልባዋን ያጠብኳት እኔ ነኝ። አንተም ታውቃለህ፣ እንደምታውቅ እኔም አውቃለሁ። ያን ቀን አጎታችን "ማነው ያጠባት?" ብሎ ሲያፈጥብን፣ መንቀጥቀጤን አየህና "እኔ" አልክ። ዝም አልኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ዝም አልኩ። ደሴቱን ጥለህ ስትሄድ እንኳ ወደቡ ላይ ስንቅህን አስያዝኩህ እንጂ አፌን አልከፈትኩም። አፍራለሁ፣ ወንድሜ። አሁን ደግሞ ግጥሙ ከታተመ የትምህርት ቤት ልጆች ጥፋትህን በቃላቸው ሊያጠኑት ነው።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ሳላሽገው ነገ ጠዋት ለኦርፋ አነብላታለሁ። እሷ ትፈልፍል፣ እኔ ላንብብ። ፈርቻለሁ። እዚህ የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት፤ ከአጠገቤ ተነሥታ ሌላ ጠረጴዛ ብትቀመጥም አልፈርድባትም።

ለካሪን ናፍቆቴን ንገርልኝ። ጁኒን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ። አብረዋችሁ ላሉት አማትህም ሰላምታዬ ይድረሳቸው፤ በፎቶ ብቻ የማውቀውን ውሻችሁንም ዳብስልኝ።

እህትህ ዴልማ
ሄሮን ደሴት፣ ሜሪላንድ
ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2010

ሐሙስ ቀትር ላይ የጨመርኩት፦ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ድረስ ቢላዋዋ አልቆመም። ከዚያ የግጥሙን ወረቀት የሸርጣን ልጣጭ ባልዲው ውስጥ ጣለችና፣ ወደ እኔ ሳታይ "የሚመጣበትን ቀን ይጻፍልን በይው" አለችኝ።