ያልተከፈቱት ዘጠኝ ብልቃጦች

ባሕር ዳር፣ ሰባታሚት
ሚያዝያ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከአባትህ ከመሪጌታ ወልደ ጻድቅ፤
ይድረስ ናይሮቢ ለሚገኘው ልጄ፣ ለእንስሳት ሐኪሙ ለጥዑመ ልሳን። ይህን የምጽፈው በስልክ የጀመርኸውን ምክንያት እንድትጨርስልኝ አይደለም። አንድ ሰው የተናገረኝን ቃል ላደርስህ ነው።

አስቀድሜ ስለ አደራህ ልንገርህ። ደንበኞችህ አደራ ካስቀመጡብህ ዘጠኝ ውሾች ስምንቱ ደኅና ናቸው። ዘጠነኛው፣ ጥር ላይ ከዱርቤቴ የመጣው ዳማ፣ ሞቷል። በየማለዳው ማደሪያቸውን በበረኪና አጥባለሁ፤ ውኃቸውን እለውጣለሁ፤ የበቆሎ ገንፎውን በአጥንት መረቅ አዘጋጃለሁ። እከክ የያዛትን ቡችላ ለብቻዋ ለይቻታለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ከውሻ ጆሮ መዥገር መንቀልም ለምጃለሁ። አለቃ መርስዔ ኀዘን ከቅኔ ማኅሌቱ በር ቆመው፣ «መሪጌታ፣ ዛሬስ ስንቱን ውሻ ዜማ አስቀጸሉ?» እያሉ ሲያስቁብኝ፣ «የልጄ ሥራ ነው፤ ልጄ ሐኪም ነው» እያልሁ ቀና ብዬ አልፍ ነበር።

መጋቢት 18 ቀን የሹም አቦው ነጋዴ ሙሀመድአወል አደራ ያስቀመጠውን ውሻ ሊወስድ ከሰባት ዓመት ልጁ ከሱንዱስ ጋር መጣ። ልጅቱ ዳማን ልትደባብስ በሽቦው መካከል እጇን ሰደደች፤ መዳፏን ነከሳት። በሳሙናና በውኃ ደጋግሜ አጠብሁላት። አባቷ፣ «ሐኪም ቤት ልውሰዳት፤ መርፌ ሳያስፈልጋት አይቀርም» አለ። እኔም አንተ የፈረምህበትን የዳማን የክትባት ካርድ አውጥቼ ዘረጋሁለት። ፊቱ ግን አልተረጋጋም። ዕድሜዬን ሙሉ ደቀ መዛሙርቴን ከመሐላ ስከለክል የኖርሁ ሰው፣ ውሻው ስለ መከተቡ በሥላሴ ስም ማልሁለት። ሊወስድ የመጣውን ውሻ ትቶ፣ ልጁን አቅፎ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

በስድስተኛው ቀን ዳማ ውኃ እንቢ አለ። መንጋጋው ወደቀ፤ ልጋጉ ተዝረከረከ፤ ድምፁም የሌላ አውሬ ድምፅ ሆነ። የሚረዳው መድኃኒት ትተህ እንደሆነ ብዬ ሣጥንህን ከፈትሁ። ዘጠኝ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ብልቃጦች አገኘሁ። የአንዱም ክዳን አልተነካም። በላያቸው የነበረው መለያ ወረቀት ግን ተልጦ ተነሥቷል። የት እንደ ተለጠፈ መፈለግ አላስፈለገኝም፤ በዘጠኙ ካርዶች ላይ፣ ከፊርማህ አጠገብ ነው።

ያን ጊዜ ደወልሁልህ። አንተም፣ «አባባ፣ መብራት ጠፍቶ ክትባቱ ተበላሸብኝ። ደንበኛ እንዳይሸሽብኝ ብዬ ነው። ደግሞስ ካርዱን ማን ልብ ብሎ ያየዋል?» አልኸኝ። ዘጋሁት።

ሱንዱስ መርፌዋን የጀመረችው በዚያው ዕለት ነው። ሐኪሙ፣ «ዘግይታችኋል፤ ቢሆንም ይጀመር» አለ። ከአምስቱ አራቱን ወስዳለች። እስከ ዛሬ ጤነኛ ናት፤ ነገር ግን ገና ብዙ ወራት እንጠብቃለን። ሌሎቹን ውሾች የመንግሥት ሐኪም ከትቧቸው ተለይተው ይጠበቃሉ። ለባለቤቶቻቸው እውነቱን እኔው ነግሬያለሁ። በትንሣኤ ከማኅሌቱ አልቆምሁም። በሐሰት የማለ አንደበት ለዚያ ቦታ አይገባም፤ የማይገባ ያደረግኸው ደግሞ አንተ ነህ።

ናይሮቢ ማታ ማታ ይበርዳል ብለኸኝ ነበርና ጋቢ ልኬልሃለሁ። ምርቃት አልላክሁም፤ ያለኝን ሁሉ ለዚያች ልጅ ሰጥቻለሁ። መጥተህ በአባቷ ፊት እስክትቆም ድረስ የምሰጥህ ይህን ቃል ብቻ ነው።

ዳማ የታመመ ዕለት ሹም አቦ ሄጄ እውነቱን ስነግረው፣ ሙሀመድአወል ይጮህብኛል ብዬ ነበር፤ አልጮኸም። የያዝሁትን ካርድ ዘረጋሁለት፤ ሳይገልጠው መለሰልኝ፤ እንዲህም አለኝ፦

«መሪጌታ፣ እኔ ያን ጊዜም ካርዱን አላየሁትም። ያየሁት እርስዎን ነው።»