ሸማ አስወልቀው መዥገር ላለበሱት አዛዥ

ይድረስ፣ ከወንዛዬ መንደር በላይ ባለው ዱር ለአዳራሽ የሚሆን እንጨት ለሚያስቆርጡት ለክቡር አዛዥ ሀብተማርያም። ጤናዎ እንደ በቅሎዎ ጤና ይሁንልዎ፤ እርሷ ደኅና መሆኗን ሰምቻለሁና። እኔ የገሳይ መንደሯ ብዙነሽ፣ ዳዊት ከአባቴ የተማርሁ፣ በዘገየ እጄ ይህን ጻፍሁ። ቄሱ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ያነቡታል፤ አንቱም ከሰው እኩል ይስሙት።

መርዶው የመጣልኝ በኅዳር ሚካኤል ዋዜማ፣ ገብስ ሳበራይ ነው። በአገራችን መርዶ በማለዳ፣ በሽማግሌ አፍ ይነገራል። አንቱ ግን ሽማግሌ ማስቸገር አልወደዱም፤ የጎረቤቴን የውዴን ልጅ ወርቁን የልጄን መጥረቢያ አሸክመው በቀትር ላኩልኝ። መጥረቢያውን በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ሳየው የልጄን ሞት አወቅሁ። ስለ መጥረቢያው አመሰግናለሁ፤ ስለቱ አልዶለዶመም።

ልጄ ፈንታሁን የሃያ ሁለት ዓመት ጎልማሳ ነበር። እንጨት ሊቆርጥልዎ ሲሄድ የመከርሁት ከብት ያረባ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነው፦ ዝናብ ሲያባራ መዥገር ሣር ጫፍ ላይ ሆና መንገደኛ ትጠብቃለችና የሱሪህን ጫፍ በጨርቅ እሰር፤ ሸማህን እስከ አንገትህ ተከናነብ፤ ከብት ባደረበት አትተኛ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከባልንጀራህ ጋር ብብትና ጆሮ ግንድ ተፈታተሹ።

አንደኛ። ልጄ እንደ መከርሁት ተከናንቦ ሲቆርጥ አንቱ ደረሱ። በጌታ ፊት ሸማን ከወገብ አደግድጎ መቆም ደንብ መሆኑን አላጣሁትም፤ ደንቡ ግን የአዳራሽ ነው። አንቱ አዳራሹ ሳይሠራ ዱሩን አዳራሽ አደረጉት። «በፊቴ እንደ አራስ ተሸፋፍኖ የሚቆመው ማነው?» ብለው ሸማውን ከትከሻው አስወረዱት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም ራቁት ትከሻውን ይዞ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ዋለ። አንቱ በበቅሎ ላይ፣ በበርኖስ እስከ አፍንጫዎ ተጠቅልለው፣ ክብርዎን ይህን ያህል ስለ ጠበቁ ምስጋናዬ ብዙ ነው።

ሁለተኛ። የግራዋ ቅጠል ወቅጬ በቅቤ የለወስሁትን ቅባት በቅል ላክሁለት። ቅሉ ደርሷል፤ የተቀባችበት ግን በቅሎዎ ናት። አንዲት መዥገር እንዳልነካቻት ወርቁ ነገረኝ። መድኃኒቴን ፈትነው መልካም መሆኑን ስላሳወቁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ሦስተኛውን ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ሰዎቹ ወደ ማታ ሲፈታተሹ ቢያገኟቸው «ጭላዳ ሆናችሁ? ከመቃመል እንጨት ተሸከሙ!» አሉ፤ ሰውም ሣቀ። ልጄ ዓይነ አፋር ነው። ከዚያ ወዲያ ገላውን ለማንም አላሳየም። ትኩሳት ሲጥለው ወርቁ ከብብቱ ሥር እንደ ባቄላ ያበጠች መዥገር ነቀለለት። ሦስት ቀን ተኝቶ ተነሣ፤ አንቱም ድኗል ብለው መጥረቢያውን አስያዙት። በሳምንቱ ገረሸበት። ያን ጊዜ አልተነሣም።

አራተኛም ነበረኝ፤ እርሱን ለፈጣሪ አቆይቼዋለሁ።

የደም ካሣ አልጠይቅም። ወርቁና ሃያ የሰው ልጆች ግን ሰሞኑን ወደዚያ ዱር ይመለሳሉ። ተከናንበው ይቁረጡ፤ ማታ ይፈታተሹ። ይህ ክብርዎን የሚያጎድል ከሆነ እኔና ውዴ ከልጆቹ እናቶች ሁሉ ጋር በሚካኤል ተማምለናል፤ አንድም ልጅ ከደጃችን አይወጣም፤ አዳራሽዎም ያለ ምሰሶ ይቁም።

ወግዎን ከሩቅ እጅ እየነሣሁ የማደንቅ፣ ትናንት እናት የነበርሁ፣

ብዙነሽ።

ደግሞም፣ ይህን ዘንግቼው ነበር። ልጄን ሲገንዙት ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ጠጉሩ ሸፍነውታል። እነሆ፣ ከአንቱ በሚበልጥ ጌታ ፊት ተሸፋፍኖ ቆሟል፤ ግለጥ ያለው የለም። የአንቱ ተራ ሲደርስ ግን በርኖሱን ማን እንደሚያስወልቅዎ አላውቅም። ይህን የምትሰሙ ክርስቲያኖች፣ የልጄ የክርስትና ስም ገብረየሱስ ነው፤ ስለ ነፍሱ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ድገሙለት።