የንጉሡ ፊት በእናቴ ነጠላ ላይ

አባዬ፣

ሀገር ሁሉ አንቱ ሲልህ እኔን ብቻ አንተ እንድልህ የፈቀድህልኝ፣ ወደ መቃብር ከሸኘንህ ሁለት ክረምት አለፈ። ዓባይ ማዶ ያለው ቤታችን እንዳለ ነው፤ የሥዕል ክፍልህ ግን ተለውጧል። ሸራህ በነበረበት አሁን ባለቀለም መስታወት ቆሟል።

መሐንዲስነቱን ተውሁት። በምርቃቴ ቀን በደስታ ያለቀስህለትን ሥራ ተውሁ ማለት ከብዶኝ ነው እስከ ዛሬ ያልጻፍሁልህ። አለቃዬ ወራት የለፋሁበትን የድልድይ ንድፍ በራሱ ስም አቀረበ። በስብሰባ መሀል ተነሥቼ የእኔ ነው አልሁ። ተሳስቼ ነው ብለሽ ይቅርታ ጠይቂ አሉኝ። አልጠየቅሁም። ተባረርሁ፤ ከሰስሁት።

አዲስ አበባ ሄጄ ከአንድ አዛውንት ባለሙያ ዘንድ የመስታወት ሥዕል ተማርሁ፤ መስታወቱን መቁረጥ፣ ቁራጩን ከቁራጭ በቀጭን የእርሳስ ብረት ማያያዝ። እማዬ መጀመሪያ ላይ፣ "አምስት ዓመት ተምራ ጣቷን ልትቆርጥ!" እያለች ለጎረቤት ታሳጣኝ ነበር። አሁን ፕላስተሩን የምትለጥፍልኝ እሷው ናት።

የመጀመሪያ ሥራዬ ሐይቁ ዳር ለተሠራው አዲስ ቤተ ክርስቲያን የቅድስት አርሴማ መስኮት ነው። ካማረ የቀሩትን መስኮቶች ሊሰጡኝ፣ ካላማረ ተራ መስታወት ሊያስገጥሙ ተስማማን። ብሩሽህን እያጠብሁ የተማርሁትን አልረሳሁም፤ ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉ ሰው በጎን በአንድ ዓይን ይሣላል። አርሴማን የሚያሰቃየውን ንጉሥ በጎን ሣልሁት። አፍንጫውና አገጩ ግን የአለቃዬ ነበሩ። ያለኝን ምርጥ ቀይ መስታወት ለእሱ ፊት አዋልሁት። ጠብሽን ሥዕል ውስጥ አታስገቢ ትለኝ ነበር፤ ያን ቀን ልሰማህ አልፈለግሁም።

መስኮቱ በተገጠመ ማግስት ማለዳ እማዬን ይዤ ሄድሁ። ፀሐይ ወጣች። አባዬ፣ አንተ ግድግዳ ላይ የሣልኸው ክፉ ሰው እዚያው ግድግዳው ላይ ይቀራል። የእኔው ወረደ። ከአርሴማ ቀድሞ፣ ከሁሉም ደምቆ፣ የፊቱ ቅላት በእማዬ ነጭ ነጠላ ላይ አረፈ። እሷ ምንም አላወቀችም፤ ዓይኗን ጨፍና ትጸልያለች።

መስኮቱን ላውርደውና ላስተካክለው ስል አስተዳዳሪው አባ ተቆጡ። "አንቺ ልጅ፣ ሰው ሁሉ ወዶታል! ንግሡ ሦስት ቀን ነው የቀረው። ካልደረሰ ተራውን ነው የማስገጥመው" አሉኝ።

አወረድሁት። የንጉሡን ፊት ብርሃን እምብዛም በማያሳልፍ ጥቁር መስታወት ቀየርሁ፤ ቀዩን ለአርሴማ መጎናጸፊያ ሰጠሁት። ይቅር ብዬው እንዳይመስልህ። ክሴን አልተውሁም፤ ስሜ ንድፌ ላይ እስኪመለስ እከራከራለሁ። እናቴ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ግን የምመርጠው እኔ ነኝ።

ለንግሡ ደረሰ። የቀሩትንም መስኮቶች ሰጡኝ። አንተ የጻድቃንን ዓይን ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ፣ ከመቀመጫህ ተነሥተህ ነበር የምትሥለው። እኔም እዚያ ስደርስ እቆማለሁ፤ በቆምሁ ቁጥር አስብሃለሁ።

ልጅህ